ውሃው ይቆይ፤ ከመተማ እስከ ገዳሪፍ የጨቅላ ሕፃን ገላ ነገር

ሚያዝያ ላይ የገዳሪፍ ቀትር ከ40 ዲግሪ በላይ ይግላል። በዚያ ግለት መሀል ቆማ «ሕፃኑ እንዳይበርደው ዛሬ ገላውን አትጠቡት» የምትል አዋላጅ ብዙ ሰሚ አታገኝም። ውሃው ተጥዷል፣ ሳፋው ቀርቧል፣ አያቲቱም እጅጌዋን ሰብስባ ተቀምጣለች። በደምና በነጭ ቅባት ተለውሶ የመጣ ልጅ ሳይታጠብ እናቱ ይታቀፍ ማለት ለእሷ ስንፍና እንጂ ሕክምና አይመስላትም።

ምክሩ ግን ትክክል ነው። ጉድለቱ «አትጠቡት» የሚለው ቃል እየተላለፈ «ለምን» የሚለው መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። «ለምን» ሲቀር ሌሎቹም ጥያቄዎች መልስ ያጣሉ። እስከ መቼ ነው የማይታጠበው? ከዚያ በኋላስ በምን ይታጠብ? ቀኑ ሳይደርስ የተወለደውስ? ቅቤው ይቅር ከተባለ በምን ይቀባ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የመጀመሪያው ትጥበት 24 ሰዓት ይቆይ፣ በባህል ምክንያት ካልተቻለ ቢያንስ 6 ሰዓት ይታገሡ ብሎ ነበር። በመጋቢት 2022 ጊዜው ለደረሰ ጤነኛ ሕፃን 24 ሰዓቱን አጸና። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ያለ ጊዜያቸው ወይም በአነስተኛ ክብደት ለሚወለዱ ሕፃናት የተለየ መመሪያ አወጣ፤ እናትና ልጅን ገላ ለገላ አጣብቆ መያዝ ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ ይሁን አለ፤ ዘይት መቀባትም ሊታሰብበት ይችላል ሲል ጨመረ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። መመሪያው በጠበቀበት ሰዓት መመሪያውን የሚያስፈጽመው መዋቅር ላላ።

ከሑመራ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከሃምዳይት እስከ ዶካና ገዳሪፍ ከተማ የተዘረጋው ጥቁር አፈር የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት የደጋ ሠራተኛ ይጎርፍበታል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ በትግራዩ ጦርነት የተነሣ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግሮ በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈረ። ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. ረሃብም ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ ስፍራ ነው። የካርቱሙ ጦርነት ሲመጣ ጉዞው ተገለበጠና ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ላይ ከወድ መደኒ፣ ሰኔ 2016 ላይ ከሲንጃ የተፈናቀሉትም ገዳሪፍ ላይ ተከማቹ። በዚህ ሁሉ መሀል ሴቶች ይወልዳሉ፤ አንዳንዶቹም ከቀናቸው በፊት።

ሙቀቱ የሚደብቀው ብርድ

በገዳሪፍ በየደጃፉ ሱዳኖች ዚር የሚሉት የሸክላ ጋን ይቀመጣል። አየሩ እሳት ሆኖ ሳለ በዚሩ ውስጥ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ምክንያቱ የሚደንቅ አይደለም፤ ከሸክላው ቀዳዳ የሚወጣው እርጥበት በተነነ ቁጥር ሙቀቱን ከጋኑ ይዞ ይሄዳል። ነፋሱ በደረቀና በሞቀ መጠን ትነቱ ይፈጥናል፣ ውሃውም ይበልጥ ይበርዳል።

አሁን የተወለደ እርጥብ ሕፃን ዚሩ ነው። ከ37 ዲግሪ ማሕፀን ወጥቶ እርጥብና ራቁቱን ከተተወ፣ ከመጀመሪያዎቹ 10 እስከ 20 ደቂቃዎች ባለው ጊዜ ውስጥ የሰውነቱ ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ጤናማው መጠን ከ36.5 እስከ 37.5 ነው። ወዲያው ተጠራርጎ ደርቆ እናቱ ደረት ላይ የተኛ ልጅ ይህን አደጋ ያልፈዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳፋ ውስጥ ከገባ ግን ትነቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። አያቲቱ የምትሰማው የክፍሉን ሙቀት ነው፤ ሕፃኑ የሚሰማው ከቆዳው ላይ የሚተነውን ውሃ ነው።

የበረደው ጨቅላ አይንቀጠቀጥም። አዋቂ ሲበርደው ጡንቻው ይንዘፈዘፋል፤ አዲስ ልጅ ይህን አይችልበትም፣ በአንገቱና በትከሻው ዙሪያ ያከማቸውን ልዩ ስብ ያቃጥላል እንጂ። ለዚያም ስኳርና ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ስኳሩ ሲያልቅ ይዝላል፣ ሲዝል አይጠባም፣ ካልጠባ ስኳሩ አይተካም። ከውጭ ለሚያየው ጸጥ ብሎ የተኛ «ጨዋ ልጅ» ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሆዱን በእጅ መዳበስና እግሩ መቀዝቀዙን ማየት ከማልቀሱ የበለጠ ይናገራል።

በኢትዮጵያ በኩል ያለው ማስረጃ ይህን ያጠናክራል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ሆስፒታሎች የጨቅላ ሕፃናት ክፍል በገቡት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት 64 በመቶዎቹ ሙቀታቸው ከሚገባው በታች ሆኖ አገኛቸው። ያውም በሆስፒታል ውስጥ። ጎንደርን ጨምሮ በአምስት ሆስፒታሎች ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ተካሂዶ በ2019 የወጣው ትልቅ ጥናት ደግሞ ከሞቶቹ 45 በመቶ ገደማውን ለሳንባ አለመብሰል፣ 30 በመቶ ገደማውን ለኢንፌክሽን ሰጥቷል። ብርድ በሞት ምስክር ወረቀት ላይ ብቻውን አይጻፍም፤ የሌሎቹን መንገድ ነው የሚጠርገው።

ነጩ ቅባትስ? ቆሻሻ አይደለም። አራት አምስተኛው ውሃ፣ ቀሪው ስብና ፕሮቲን ሲሆን ጀርም የሚገድሉ ንጥረ ነገሮችን ይዟል። ጽንሱ ለወራት ውሃ ውስጥ ሲዋኝ ቆዳው እንዳይላላ የጠበቀው እሱ ነው። ከተወለደ በኋላም እንዳለ ቢተው ወደ ቆዳው ይሰርጋል። ደሙን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ይህ ማለት ግን በቆላ አገር ልጅ ገላውን አይታጠብ ማለት አይደለም። በሌላው አቅጣጫ የሚፈጸም ስህተትም አለ። ሚያዝያ ላይ በሦስት ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕፃን በሙቀት ይተኩሳል፤ ትኩሳቱም የኢንፌክሽን መስሎ ክኒን ያስገዛል። ላቡ የሚወጣበት ቀዳዳ ተደፍኖ አንገቱና ደረቱ በቀይ ሽፍታ ይወረራል። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ጊዜው የደረሰ ጤነኛ ልጅ በዚህ አየር ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ታጥቦ ወዲያው ቢደርቅ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ለደጋ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል የሚባለው ልክ ለገዳሪፍ በጋ ያንሳል ብዬ አምናለሁ። ምክሩ የሚሸነፈው ደንቡ ከደጋ ተቀድቶ ለቆላ እንዳለ ሲነገር ነው።

ስስ ቆዳ

ጊዜው የደረሰ ሕፃን የላይኛው የቆዳ ሽፋኑ ከ10 እስከ 20 ድርብ አለው። ከ30 ሳምንት በፊት የተወለደው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ። በጣም ቀድሞ በመጣው ልጅ ላይ በቆዳ በኩል የሚጠፋው ውሃ ከሙሉው ልጅ አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ይህ ቆዳ ከተወለደ በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ራሱን ያበስላል፤ አደጋው ያለው እስኪያበስል ድረስ ነው። የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም የሚል አነጋገር በብዙ ቦታ ይሰማል። ሳይንሱ ተቃራኒውን ነው የሚለው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሳምንት ቆዳውንም ሳንባውንም ያጸናል።

ቆዳው እንደ ወንፊት መሆኑ ውሃ ከማውጣቱ በላይ የሚያሳስበው በሚያስገባው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በፈረንሳይ ሞርሃንዥ የሚባል የሕፃናት ዱቄት ሄክሳክሎሮፊን የተባለ ጀርም ገዳይ በስህተት ከመጠን በላይ ተቀላቅሎበት ተሸጠ። 36 ሕፃናት ሞቱ። መድኃኒቱ የተነካው በቆዳ ብቻ ነበር። ዛሬ በድንበሩ ሱቆች ያንን ዱቄት የሚሸጥ የለም፤ ግን «ጀርም እንዳይነካው» ተብሎ በሳፋው ላይ የሚጨመረው የዲቶል ክዳን፣ ሽቶ የበዛበት ሳሙና፣ ሰውነቱን ሁሉ የሚያለብሱት ፓውደር በዚያው አስተሳሰብ ነው የሚመጡት። የልብስ ሳሙና ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አዲስ ቆዳ ከተወለደ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ አሲድነት ይሄዳል፣ በዚያም ጀርም ይከላከላል፤ ሳሙና ግን አልካላይ ነው፣ ሂደቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ንጹሕ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ ያውም ገላው ሁሉ ሳይሆን ፊቱ፣ አንገቱ፣ ብብቱና ታፋው መሀል ብቻ፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ተሸፍኖ።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ልጨምር፤ ሲነሣ ሰምቼው አላውቅም። የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ያስጠምቃል። በ32 ሳምንት የተወለደ ወንድ ልጅ 40 ቀን ሲሞላው በጽንስ ዕድሜው ገና ወደ 38 ሳምንት እየተጠጋ ነው፤ ማለትም በተለመደው ጊዜ ቢሆን ገና ያልተወለደ ሊሆን ይችል ነበር። ሌሊት ሊነጋጋ ሲል፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ሴቷ ግን በዚያው ስሌት 43 ሳምንት ታልፋለች። ለነፍሱ የሚያሰጋ ሕመም ካለ ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ሳትጠብቅ ታጠምቃለች፤ ስለዚህ ቀኑ በችግር ጊዜ የሚነካ እንጂ የማይነካ አይደለም። ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር፣ ደረቅ ፎጣና ኮፍያ ይዞ መቅረብ፣ ከውሃው እንደወጣ ደረት ላይ መለጠፍ ከሥርዓቱ ጋር የሚጋጭ አይደለም።

ቅቤ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ

ልጅን ማሸት በድንበሩ ግራና ቀኝ ያለ ልማድ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ቅቤ ነው፤ ርግብግቢቱ ላይ ይደረጋል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ገላው ይቀባል፣ አንዳንዴም ያስውጡታል። በሱዳን በኩል የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ሴቶቹ ለራሳቸው ካርካር የሚሉት መዓዛ የተጨመረበት ቅባትም መሠረቱ ይኸው ዘይት ነው። ጤና ሠራተኛው ለሁለቱም ያለው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ምንም አትቀቡ።»

ለሙሉ ልጅ ይህ መልስ ጥሩ መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ጊዜው የደረሰ ጤነኛ ሕፃን በየቀኑ ቅባት እንዲቀባ አልመከረም። በእንግሊዝ ለቆዳ አለርጂ በተጋለጡ 1,394 ሕፃናት ላይ ተካሂዶ በ2020 የታተመ ሙከራ፣ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ቅባት መቀባት ሽፍታውን እንዳልከላከለ፣ እንዲያውም የቆዳ ኢንፌክሽኑ ትንሽ እንደበዛ አሳይቷል።

ያለ ቀኑ የተወለደው ግን ሌላ ሰው ነው። ዳካ፣ ባንግላዴሽ በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ከ33 ሳምንት በፊት በተወለዱ ልጆች ላይ የሱፍ አበባ ዘይት በየቀኑ ሲቀባ በሆስፒታል የሚያዝ ኢንፌክሽን በ41 በመቶ ቀነሰ፤ ውጤቱ በ2005 ታተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው የዚያው ሙከራ ዘገባ ሞትም በ26 በመቶ መቀነሱን ጨመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። ይህ ዘይት ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል ስብ ሞልቶበታል፤ ቆዳ ድርቡን የሚገጥምበት ጭቃ በከፊል ከዚህ ስብ ይሠራል። ላዩ ላይ እንደ ልስን ተለጥፎም ትነቱን ይቀንሳል።

ዘይት ሁሉ ግን ዘይት አይደለም። የወይራ ዘይት ሌላ ዓይነት ስብ ያይልበታል፣ በቆዳ ላይ ሲሞከርም ግድግዳውን አላልቷል። በሕንድ የተለመደው የሰናፍጭ ዘይት በእንስሳት ሙከራ ቆዳው እንዳያገግም አዘግይቷል። ቅቤ ሊኖሌይኩ ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ ቢሆን ነው፤ ከማጀት የመጣ ቅቤ ጀርም አለማዘሉንም ማንም ዋስ አይሆንም። የአካባቢው ሰሊጥ ግን ከመቶ 40 ገደማ አለው። የኢትዮጵያ ኑግ ደግሞ ከሱፍም ይበልጣል፣ 70ን ያልፋል።

ነገሩ የሚገርመኝ ይህ ነው። ገዳሪፍ የሱዳን የሰሊጥ ጨረታ ዋና ገበያ ነው፤ ሑመራ ስሟን ለሰሊጥ ዓይነት የሰጠች ከተማ ናት። ለስስ ቆዳ ይስማማል የሚባለው ስብ በጆንያ ተቆልሎ በካሚዮን የሚያልፍበት አገር ላይ ጨቅላው በቅቤ ይታሻል፣ ወይም በምንም። ሆኖም ከመቸኮል መቆጠብ ያስፈልጋል። ሰሊጥና ኑግ በስሌት ይስማማሉ እንጂ እንደ ሱፍ ያለ የሞት ቁጥር የተመዘገበላቸው አይደሉም። በአሜሪካ ከ1 ኪሎ በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ቅባት ሲሞከር በጣም ትንንሾቹ ላይ አንድ ዓይነት የደም ኢንፌክሽን ጨምሮ ታይቷል። በ2021 ሙከራዎቹን አንድ ላይ የመዘነ ሰፊ ግምገማም በጠቅላላው ኢንፌክሽንም ሞትም መቀነሱን አላረጋገጠም። የዓለም ጤና ድርጅት «ይቀባ» ሳይሆን «ሊታሰብበት ይችላል» ያለው ለዚህ ነው።

በእኔ ሚዛን ከሁሉ የሚከብደው በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ በመንደር ውስጥ የተካሄደው ሙከራ ነው። እዚያ ተመራማሪዎቹ ቤተሰቡ ልጁን ማሸቱን አልከለከሉም፤ በሰናፍጩ ፋንታ የሱፍ ዘይት ሰጥተው በእርጋታ እንዲቀባ አስተማሩ። በሁሉም ልጆች ላይ ሲታይ ሞት አልቀነሰም። ከ1,500 ግራም በታች የነበሩት ብቻ ተለይተው ሲታዩ ግን በግማሽ ገደማ ቀነሰ። የኋለኛው ቁጥር ከዋናው ጥያቄ ውጭ የተገኘ ስለሆነ እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ፍርድ አይወሰድም። ከዚያ የምወስደው ትምህርት ስለ ዘዴው ነው፤ የእጁን ልማድ ሳይነኩ የብልቃጡን ይዘት መቀየር።

ቅቤውን ማስቆም የማያሻማ የሚሆነው እትብት ላይ ነው። እዚያ ቅቤም፣ አመድም፣ እበትም የመንጋጋ ቆልፍና የደም መመረዝ በር ይከፍታሉ። ኢትዮጵያ ክሎርሄክሲዲን የተባለውን ቅባት ለእትብት ስታስገባ የተመሠረተችው በኔፓል፣ በባንግላዴሽና በፓኪስታን ውጤት ላይ ነበር። በዛምቢያና በታንዛኒያዋ ፔምባ የተደረጉት ሙከራዎች ግን ጥቅም አላገኙም። አሁን ያለው ምክር እትብቱ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይተው፣ ጎጂ ነገር መቀባት በተለመደበት ቦታ ግን ክሎርሄክሲዲኑ ይሰጥ የሚል ነው፤ ድንበራችን በዚህ «ግን» ውስጥ ይወድቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን ግድ ነው። ቅባቱ የዓይን ቅባት መስሏቸው የልጅ ዓይን ያጠፉ ሰዎች በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ተመዝግበዋል። ማንበብ በማትችልበት ቋንቋ የተጻፈ ቱቦ ለስደተኛ እናት ሲሰጥ ይህ አደጋ ይበረታል።

ጄሪካኑ

ስለ ትጥበት ሲወራ ውሃው አለ ተብሎ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ ርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ በወር 250 ግራም የገላና 200 ግራም የልብስ ሳሙና ይታሰባል። ጨቅላው ተመዝግቦ ካርድ ላይ እስኪገባ ድረስ ድርሻው የእናቱ ነው። የአራስ ቤት ደግሞ ውሃ የሚፈጅበት ወር ነው፤ ደም የነካው ጨርቅ፣ የሽንት ጨርቅ፣ የእንግዳ ገንፎ። ገዳሪፍ ከተማ ራሷ ከድሮም ውሃ በአህያ ጋሪ የሚሸጥባት ናት። መስከረም 2016 ዓ.ም. ላይ እዚያ ኮሌራ መከሰቱ ይፋ ሆነ፣ በዓመቱም ተመለሰ፤ በድንበሩ በዚህኛው በኩል መተማም ቀምሳዋለች።

ስለዚህ 20 ሊትር ያላት እናት የምትጠየቀው ምርጫ እንዲህ ነው፤ ልጁን ትጠበው ወይስ እጇን? መልሱ እጇን ነው። ገላ ለገላ የሚታቀፍ ልጅ በእናቱ ቆዳ ላይ ካለው ጋር ይኖራልና እሷ ብትታጠብ፣ ጡቷና ደረቷ ንጹሕ ቢሆን፣ ዳይፐር በቀየረች ቁጥር እጇ ሳሙና ቢነካ፣ ለሕፃኑ ከሳፋው የተሻለ ጥበቃ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ትጥበት ማዘግየት ውሃ ቆጣቢ ምክር መሆኑን የሚናገር የለም፤ መነገር ነበረበት፣ ቤተሰቡን በቀላሉ የሚያሳምነው እሱ ነውና።

ገላ ለገላ መታቀፍ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ማሞቂያ ባነሰበት በኮሎምቢያ ቦጎታ ተጀመረ። በአዲስ አበባ ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ያካሄዱትና በ2005 የታተመው ሙከራ ካንጋሮ በሚባለው በዚህ ዘዴ ከታቀፉት 22.5 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 በመቶ መሞታቸውን አሳየ። በአምስት አገሮች ተካሂዶ በ2021 የወጣው ደግሞ ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ ሕፃናት ወዲያው እንደተወለዱ ቢታቀፉ ሞት በሩብ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። መብራት በሚጠፋበት፣ ከመተማ ጎንደር ያለውን ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ጸጥታው በሚወስንበት አገር፣ መብራት የማይፈልግና ከልጁ ጋር አብሮ የሚጓዝ ማሞቂያ እናቲቱ ናት። በ40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ልጅ ደረት ላይ አስሮ መዋል ግን ሥቃይ አለው። ሁለቱም ያልባቸዋል፤ እናቲቱ ትጠማለች፣ ልጁ ይሸፍታል። ጥላ፣ ስስ ነጠላ፣ ብዙ መጠጥ፣ ከአያት ወይም ከአባት ጋር መፈራረቅ ያስፈልጋል። ይህን ሳይነግሩ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እቀፊ ማለት ምክሩን ገና ሳይጀመር ማስጣል ነው።

ሳፋውን የያዘችው እጅ

የመጀመሪያውን ቀን የሚወስነው ማነው? በኢትዮጵያ የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብና ጤና ዳሰሳ በጤና ተቋም የወለዱት 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ከፍ አለ። በተወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ ጤና ሠራተኛ ያያቸው ሕፃናት ግን በ2016 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተቋም የወለደችም ብትሆን ብዙ ጊዜ ቀኑ ሳይሞላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሃያ አራቱ ሰዓት የሚያልቀው በቤት ነው፤ በቤት ደግሞ ሥልጣን ያላት አያት፣ አክስት ወይም የልምድ አዋላጅ ናት። ምጥ ያደከማት የ20 ዓመት እናት እናቷን ተከራክራ ሳፋ እንድትመልስ መጠበቅ ባልተሰጣት ሥልጣን መጠየቅ ነው።

ሱዳን ለዚህ የቆየ ልምድ አላት። እንግሊዛዊቷ ሜብል ዎልፍ በ1921 በኦምዱርማን የከፈተችው የአዋላጆች ትምህርት ቤት ዳያ የሚሏቸውን የልምድ አዋላጆች ሳይገፋ ነው ያሠለጠነው፤ ፊደል ስለማያውቁ መድኃኒቱን በጠረኑና በመልኩ እንዲለዩ አደረገ። የቅኝ ግዛት ሥራ ነበር፣ የራሱ ጉድለትም ነበረው፤ መልእክቱ ለማን እንደሚሄድ ግን አልሳተም። ዛሬ መጠለያ ውስጥ የሚለጠፈው ሥዕል ልጅ የታቀፈች ወጣት ያሳያል። አያቲቱ ሥዕሉ ውስጥ የለችም።

ከዚህ በኋላ

የርዳታው ገንዘብ ከቀጠለበት መንገድ ብንነሣ ተስፋው ጠባብ ነው። አሜሪካ በጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) የውጭ ርዳታዋን ከገታች ወዲህ የጤና ፕሮግራሞች በየቦታው ታጥፈዋል። ወሊድ ወደ ቤት በተመለሰ መጠን ሃያ አራቱ ሰዓት ወረቀት ላይ ይቀራል፣ እትብቱም ወደ ቅቤው ይመለሳል። የመጀመሪያው ዕድል ይህ ነው፤ በቀላሉም የሚሆነው እሱ ነው።

ሁለተኛው ዕድል ተቋማቱ ወላዷን ቀኑን ሙሉ ማቆየታቸው ነው። ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን አልጋ፣ ምግብ፣ ለአስታማሚ ማደሪያ፣ በተለይም ውሃ ይፈልጋል። ውሃ በሌለው ክፍል አንድ ቀን መቆየት ልጁን ከብርድ አድኖ ለሆስፒታል ጀርም መስጠት ሊሆን ይችላል። በመተማ በኩል ከገዳሪፍ ይልቅ የሚቻል ይመስለኛል፤ ጤና ጣቢያው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የእናቶች ማቆያው ቢያንስ በመዋቅር ደረጃ አሉ።

ሦስተኛው ርካሹ ነው፣ የምደግፈውም እሱን ነው። ወላዷ ስትወጣ አያቲቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ በዚሩ ምሳሌ ብርዱ ይነገራት፤ ከ2 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ ትንሽ ብልቃጥ የተጣራ የሱፍ ዘይት፣ ኮፍያና መታቀፊያ ጨርቅ ይሰጣት፤ ቀቢዋም እሷው ትሁን። ዘይቱ ወደ ድስት ሊገባ ይችላል፤ በተራበ ቤት ይህ ወንጀል አይደለም፣ ስለዚህ ለቤቱ የሚሰፈረው ዘይት ሲቀነስ የልጁ ብልቃጥም ባዶ ይሆናል። ሰሊጥና ኑግም በጎንደር ወይም በገዳሪፍ በአግባቡ ቢሞከሩ መልሱ ከሌላ አህጉር መምጣቱ ያበቃ ነበር።

ጊዜውም ራሱ ይናገራል። ወባ በዚህ ቆላ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ሰሊጡ በሚታጨድበት ወቅት ነው። ወባ የያዛት ነፍሰ ጡር ከቀኗ በፊት ወይም ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል። ስለዚህ ከትንንሾቹ ብዙዎቹ የሚመጡት ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ የገዳሪፍ ሌሊት በእርግጥ በሚበርድበት፣ የሳሩ ጎጆ ነፋስ በሚያስገባበት ወር እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ኮፍያውና ብልቃጡ መጋዘን መድረስ ያለባቸው መንገዱ ከጭቃው እንደወጣ፣ በጥቅምት ነው።